ምን በላ?

ኡልም ከተማ፣ በዳኑብ ዳርቻ፣
አስተርጓሚ ነኝ፣ የሰዓት ቅጥር ብቻ።
አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣
ከተከሳሹ ጎን፣ ከዳኞቹ ትይዩ፣ የተሰጠኝ መቀመጫ።

ጉዳዩ ፓምፕ ነው።
ዘጠኝ የውሃ ፓምፕ፣ በመርከብ የሄደ፣
ቆላ ከተማ ደርሶ፣ ሳይተከል ዝገት የለመደ።

መጀመሪያ የቀረቡት ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ ሒሳብ ሹም የነበሩ፣
ባለ አረንጓዴ ክር መዝገብ ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።
«ይህ ዓምድ፣» አሉ በጣታቸው፣ «ስሙ ጠቃሚ ወጪ ነበር፣
ለሚኒስትር፣ ለወደብ ሹም፣ ባሕር ማዶ ላለ ሁሉ የሚከፈል፣ በኛው ሕግ የተፈቀደ ነገር።
ከግብር ይቀነስ ነበር፣ ክብርት ዳኛ፣ ልክ እንደ ቴምብር፣ እንደ ወረቀት፣
የግብር ቢሮው ራሱ ማኅተም መትቶበታል፤ ይኸው፣ ይዩት።

ኋላ ፓሪስ ላይ ሀገሮች ተሰብስበው ፈረሙ፤
የሰው ሀገር ሹም መደለል ወንጀል ነው ተባለ፤ ጋዜጦች አንድ ሰሞን ጮኹ፣ ደከሙ።
እኔም ታዘዝኩ። አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ያንኑ ዓምድ አሰመርኩ፣
ጠቃሚ ወጪ የሚለውን ትቼ፣ የማማከር አገልግሎት ብዬ ጻፍኩ።
ማስመሪያዬ ያው ነበር። ቁጥሩም ያው፣ አሥራ አንድ ከመቶ።
ስሙ ብቻ ነው፣ ክብርት ዳኛ፣ በፊት በር ወጥቶ የገባ፣ በጓሮ ዞሮ መጥቶ።»

ይህን ስመልስ አልተቸገርኩም፤ ሒሳብ በየቋንቋው አንድ ነው ጣዕሙ፣
ጣጣዬ የመጣው ከምሳ በኋላ፣ ስክሪኑ በርቶ አቶ ሸዋቀና ከማዶ ሲቆሙ።
የውሃ ቢሮ ኃላፊ ነበሩ፣ ዛሬ እስረኛ፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው፣
ድምፃቸው ቀድሞ እየደረሰ፣ ከንፈራቸው ኋላ እየቀረባቸው።
ዓቃቤ ሕጉ ጠየቀ፦ «ገንዘቡን ለምን ወሰዱ?»
ትንሽ ዝም አሉና፣ ይችን ብቻ ሰደዱ፦

«ሲሾም ያልበላ፣
ሲሻር ይቆጨዋል።»

አዞርኩት፣ ቃል በቃል፣ ሳላወላውል፣ ሳልል ወደኋላ፣
ሰብሳቢ ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይቅርታ፣» አሉኝ፣ «ምን በላ?»

ምን በላ?
እንዴት ልንገራቸው፣ በኛ ቋንቋ ሹመት ገበታ መሆኑን፣
ሰው ድልድይ እንደሚበላ፣ መንገድ እንደሚበላ፣ የጤና ጣቢያውን ቆርቆሮውን።
ደግሞ ስሙ መብዛቱ፦ እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ እጅ ማርጠቢያ፣
ሲያንስ የሻይ፣ ሲበዛ የልጆች ማሳደጊያ።
እጅ ማርጠቢያ!
ለካ የሹሙ እጅ ሲረጥብ ነው፣ የከተማው ቧንቧ የደረቀ፣
ጀሪካን ተሰልፎ፣ ፀሐይ በላዩ እስክትጠልቅ የጠበቀ።

ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ከኋላ ወንበር ወይዘሮ ሂልትሩድ ቀደሙ፦
«ገብቶኛል። እሳቸው መብላት ይሉታል፤ እኛ ጋ ጠቃሚ ወጪ ነው ስሙ።»
ዳኛዋ ዝም አሰኟቸው። ዓይናቸው ተመልሶ እኔ ላይ፣
የኔ ዓይን ብርጭቆው ላይ።
አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፣ ደንቡን ፈርሜያለሁ፣
ግን የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። «ውሃ፣» አልኩ። «ውሃ በላ» ብያለሁ።

ፍርዱ በኅዳር ተነበበ፤ ድርጅቱ ስምንት ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ፣
ገንዘቡ እዚሁ ግምጃ ቤት ገባ፤ ወደ ቆላዋ ከተማ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ብሎን አልወጣ።
ሕግ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ትናንት አልነበረም፤ አልንቀውም፣
ግን እንስራ አይሞላም፤ የታረመ ቃል ጥም አይቆርጥም።

የዚያን ቀን ማታ፣ ከባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ የክፍያ ቅጼን ሞላሁት፦
አራት ሰዓት ሥራ፣ ደርሶ መልስ ትኬት።
ከሥር አንድ ዓምድ ቀረ፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል፤ ምንም አልጻፍኩበት፣
ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝ ሳብኩበት።
ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ የተመለሰላቸውን መዝገብ ታቅፈው፣ ከጎኔ ተቀምጠው ኖሯል፤ ጎንበስ ብለው አዩት።
«ተጣሟል፣» አሉኝ፤
«ማስመሪያ ላውስዎት?»